ያልተጨበጨበለት ጎል

አጥቂ ሆኖ እንጀራ የበላ ሰው ዝምታን ከዝምታ ይለያል። በሰው ሜዳ ጎል ስታገባ ሜዳው ጭር ይላል፤ ግን ጭርታው ውስጥ ስድብ አለ፣ ፉጨት አለ፣ ከአጥር ማዶ የሚወረወር የውሃ ፕላስቲክ አለ። ያ ጤነኛ ዝምታ ነው፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ የገጠመኝ ግን ሌላ ነበር። ጎል አገባሁ፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጫማዬን ከሰቀልኩ በኋላ እንኳ ያን ቀን ሳስታውስ እንደ አዲስ ክው እላለሁ።

የተወለድኩት ከጅጋ ወረድ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቴ በቆሎና ጤፍ የሚያርሱ፣ በርበሬያቸውን እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ሰው ነበሩ። እግር ኳስን “ቆዳ መራገጥ” ነበር የሚሉት። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ስማር ትምህርቱን ትቼ ለኳስ መሄዴን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ብቻ ለረጅም ጊዜ ሥራዬን በስሙ አልጠሩትም። ሰው ሲጠይቃቸው “ደቡብ ወርዷል” ይሉ ነበር፤ ደቡብ ምን ልሠራ እንደወረድኩ አይናገሩም።

አንድ ጊዜ ጨዋታችን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የጅጋ ሰዎች እየጎተቱ አንዲት ሱቅ አስገቧቸው። በማግስቱ ደወልኩላቸው።

“አባዬ፣ አዩኝ?”

“አየሁህ። ምነው እንዲህ ትወድቃለህ? አራሽ እንዳንተ ቢወድቅ ማሳው ጦም ባደረ።”

“አባዬ፣ እየጠለፉኝ እኮ ነው!”

“እሱማ አየሁ። አንተን ለመጣል ደመወዝ የሚከፈላቸው ነው የሚመስል።”

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ዛሬስ ወደቅህ?” ሆነ። ጎል ማግባቴን አይጠይቁም። እኔም ነገሩ ያናድደኝ ነበር፤ የሰው አባት ልጁ ሲያገባ ይፎክራል፣ የእኔ መሬት ስነካ ይቆጥራል።

በኋላ ቡድን ቀየርኩና መቀመጫው አዲስ አበባ ወደሆነ ክለብ ገባሁ። ገባሁ ልበል እንጂ የገባሁት ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ያን የውድድር ዘመን ወንበሩን ሳሞቅ ከረምኩ። አሰልጣኙ ስሜን እንኳ አጣርቶ የሚያውቀው አይመስለኝም ነበር። ውሌ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ እንደማያድሱልኝ የማያውቅ የለም። በዚህ መሀል ነው ከትውልድ አገሬ ቡድን ጋር ፍኖተ ሰላም ላይ እንድንጫወት ፕሮግራም የወጣልን።

ለአባቴ ነገርኳቸው። “እመጣለሁ” አሉ።

“ላልሰለፍ እችላለሁ፣ አባዬ።”

“ተቀምጠህም ቢሆን አይሃለሁ። ተቀምጦ የወደቀ የለም።”

ከመግቢያው በስተግራ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር እንዲቀመጡ ነገርኳቸው፤ ከወንበራችን ፊት ለፊት ስለሆነ እንድንተያይ።

ጉዞ በጀመርን ቀን ስደውልላቸው ስልካቸውን እህቴ አነሳችው። ድምጿ ሻክሯል። “ጉንፋን ይዞኝ ነው” አለች። “አባዬስ?” ስላት “ስልካቸውን ረስተው ማሳ ወርደዋል” አለችኝ። አባቴ ስልካቸውን የሚረሱ ሰው ስለነበሩ ነገሩ አልገረመኝም።

አውቶቡሳችን ጅጋ ሲደርስ ለአንድ አፍታ ወርጄ ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ልጠይቅ ስነሳ፣ ያ በዓመት አንዴ የማያናግረኝ አሰልጣኝ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስለ እግሬ ጠየቀኝ። ስለ እንቅልፌ ጠየቀኝ። ወደ ቀዬዬ የሚያስገባውን መንገድ አልፈን እስክንርቅ ድረስ ወሬውን አላቆመም። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና “እሁድ ከመጀመሪያው ትገባለህ” አለኝ። በደስታ ያነባሁት እንባ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ልምምዴን ያየልኝ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ጨዋታው ተጀመረ። የእነሱ አምበል የመሀል ተከላካያቸው ነው፤ አብሮ አደጌ፣ የሰፈሬ ልጅ፣ ፍኖተ ሰላም በአንድ ክፍል ተከራይተን የተማርን። አዋቂ ተከላካይ ነው፤ ሸርተቴ ከወረደ ኳሱንም ሰውዬውንም ይዞ ነው የሚሄድ። ዕጣ ከወጣ በኋላ አቀፈኝና አልለቅ አለኝ። “ምን ሆነሃል? ትዳር ልትመሠርት ነው?” ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

ተመልካቹም ግራ አጋባኝ። አገሬን ትቼ ለሰው ቡድን የምጫወት ነኝና ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ለመልሱም ተዘጋጅቼ ነበር። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ኳስ እግሬ ሥር ስትገባ ደግሞ እንደዚያን ቀን ቦታ አግኝቼ አላውቅም። እዞራለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አቀብላለሁ። በልቤ “ይኸው፣ ወንበር ላይ ሲያበሰብሱኝ የከረሙት ልጅ!” እላለሁ። ባሕር ዛፎቹ ሥር ጋቢ የለበሰ ሰው ከዘራውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከሩቅ እጄን አነሳሁ። እሱም አነሳ።

ከእረፍት በኋላ ረጅም ኳስ ከኋላ መጣችልኝ። አብሮ አደጌ ብቻ ነበር የቀረው። ወደ ግራ የምሄድ መስዬ ወደ ቀኝ ቆረጥኩ። ሸርተቴው ይመጣል ብዬ ሰውነቴን ስጠብቅ እሱ በቁሙ ቀረ። በረኛው ወጣ፤ በጎኑ ሰደድኳት። መረቡ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

እየሮጥኩ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄድኩ። “አባዬ! አዩ?” እያልኩ እጮሃለሁ። ሰዉ መንገድ ከፈተልኝ፤ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዲት ቆሎ ሻጭ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቷ “ዋ!” ትላታለች። ከአጥሩ ስደርስ ጋቢ የለበሰው አባቴ አልነበሩም። አጎቴ ናቸው። የያዙት ከዘራ ግን የአባቴ ነው።

“አባዬስ?”

“ትንሽ አመም አድርጓቸው ከቤት ቀርተዋል” አሉ ዓይኔን ሳያዩ። “ተመለስ ልጄ፣ ጨዋታው አላለቀም።”

ከዘራውን ደግሜ አየሁት። ግን ጎል ያገባ አጥቂ ለጥቂት ደቂቃ ደደብ ነው። ተመለስኩና ተጫወትኩ፤ አሸነፍን።

ያን ምሽት “መሽቷል፣ አባትህ ዘንድ ሲነጋ እንሄዳለን” አሉኝና አጎቴ ቤት አደርኩ። የቡድኑም መኪና “ተበላሽቷል” ተባለና አልሄደም። የአጎቴ ሚስት አድርገውት የማያውቁትን ደማቅ ቀይ ሻሽ አስረው ወጥ ያወጡልኛል፤ ብላ ብላ ይሉኛል። በላሁ። ቤት ያሉት ታማሚ አባቴ ጎሌን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እያወራሁ በላሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የነፍስ አባታችን፣ የቀዬው ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው አሰልጣኙና ቡድኑ በሙሉ። እነዚያን ሁሉ ሰዎች በዚያ ሰዓት በር ላይ ያየ የአገሬ ልጅ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። አባቴ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት አርፈው፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። እኔ በቀዬው ሳልፍ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ቀይ ሻሹ ወርዶ ጥቁሩ ታየ፤ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ሰውዬው ወገኑ መሀል ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ አርፎ፣ ሲነጋ ነው የሚረዳ። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። ግን ከተማ ሙሉ ሕዝብ? ሁለት ቡድን? ዳኛው ሳይቀር? ልቅሶዬ መሀል ቁጣ ገነፈለብኝና አጎቴ ላይ ጮኽኩ። እሳቸው በእኔ መቆጣት ነው የደነገጡ።

“ታዲያ ምን ልናረግ ኑሯል? መንገድ ላይ እናርዳህ?”

“ለምን ተጫወት አላችሁኝ?!”

ይህን የመለሰው አሰልጣኙ ነው፤ ሐቀኛ ሰው ነበር። “ወንበር ላይ ብትቀመጥ ከኋላህ ያለው ሰው እግዜር ያጥናህ ብሎ ያወጣው ነበር። ሜዳ መሀል ግን ማን ይደርስብሃል?”

የተሰለፍኩት ለመደበቂያ ነው! የልፋቴ ፍሬ ያልኩት ቦታ፣ ሐዘንተኛን ከሰው የሚያርቁበት ጓዳ ኖሯል። ድንኳን ስንቀመጥ ደግሞ አብሮ አደጌን ይዤ ጠየቅኩት። “ለምን አልወረድክብኝም?”

“እግሬ እምቢ አለኝ” አለ። ተነስቶም ለለቅሰኛው ውሃ ሊያዞር ሄደ።

ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ተመለስኩ። በዚያች ጎል ውሌ ታደሰ፤ በዚያች ጎል ቋሚ ተሰላፊ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ትልቅ ክለብ ወሰደኝ፤ ሰው በስሜ የሚዘፍንበትም ዘመን መጣ። ግን ሌሊትም ቀንም አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። መንገዴ የተከፈተው በእግሬ ነው ወይስ በምጽዋት? ሰፈሬ አዝኖልኝ በሰጠኝ ጎል ነው እንዴ የኖርኩት? ጎል አግብቼ ሰው ሲጨበጭብልኝ እንኳ የተከላካዩን ፊት ዞሬ አይ ነበር፤ ያዘነልኝ እንዳይሆን።

ጫማዬን የሰቀልኩ ሰሞን አብሮ አደጌን ልጠይቅ ቡሬ ሄድኩ። አሁን እህል ነጋዴ ሆኗል፤ ሆድም አውጥቷል። የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ድንገት ወሬውን አቋረጠና አየኝ።

“አሁን መጫወት አቁመሃል፤ ልንገርህ” አለ።

ክው አልኩ። እንዲህ ብለው ሲጀምሩ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። “ደግሞ ማን ሞተ?” አልኩት።

“ማንም። አባትህ ከማረፋቸው በፊት ገበያ አግኝተውኝ ነበር። ‘እሁድ ልጄን የምትይዘው አንተ ነህ አሉ?’ አሉኝ። ‘አዎ’ አልኳቸው። ‘እንግዲያስ ያዘው፤ ቆዳውንም ቀማው፤ ግን እንዳትጥልብኝ። አንድ ቀን እንኳ ቁሞ ልየው’ አሉኝ። ስቄ ቃል ገባሁላቸው። አርብ ቀን መቃብራቸውን ከቆፈሩት አንዱ ነኝ። ለቡድናችን ልጆች ሁሉ ነገርኳቸው፤ ያዙት፣ ግን ማንም እንዳይጥለው አልኩ።”

“ጎሉንስ?”

“ጎሉንማ ማን ሰጠህ? ቃል የገባሁት እንዳልጥልህ ነው። በቁሜ ልይዝህ ሞከርኩ፤ አለፍከኝ።”

እውነቱን ይሁን ወይ እንደ አገሩ ወግ ልቤን ሊጠብቅልኝ፣ እስከዛሬ አላውቅም። “ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ደበቅከኝ?” አልኩት፤ ተናድጄም ነበር።

“ያኔ ብነግርህ በወደቅህ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉህ ነበር። መውደቅ የፈራ አጥቂ ደግሞ አለቀለት።”

ዓይኔን ጨፍኜ ያን ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው በልቤ ሮጥኩት፤ ባሕር ዛፎቹን፣ ጋቢውን፣ ከዘራውን፣ ያን ሁሉ ያገኘሁትን ቦታ። ያን ቀን አንድም ጊዜ አልወደቅሁም ነበር።