የአርሴማ አፈር

ልጅ ሳለሁ ሮም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ማዶ፣ ምናልባት የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ያለች አገር ትመስለኝ ነበር። የሮሙን ንጉሥ የዲዮቅልጥያኖስን ስም የሰማሁት የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ስም ከማወቄ በፊት ነው። አያቴ መርጌታ ነበሩ፤ እኛ «አባባ» እንላቸዋለን። ከሠርክ ጸሎት ተመልሰው፣ ላሊበላ ዳገቱ ላይ በነበረችው ክብ የድንጋይ ቤታቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ምድጃው አጠገብ ሲቀመጡ፣ እኔና የአጎቴ ልጅ ብርቄ የገብስ ቆሏችንን ይዘን እግራቸው ሥር እንሸጎጥ ነበር። ያኔ መብራት ወደ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ኩራዙ ጥግ ላይ ይጨሳል፣ የጥዱ ፍልጥ ይንጣጣል፣ የአባባ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጢስ ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣል።

የሰማዕታቱን ታሪክ እንደ ዘመድ ወሬ ነበር የሚያወሩን። ሕፃኑ ቂርቆስ በፈላው ውኃ ፊት የፈራች እናቱን እንዴት እንዳበረታት ሲነግሩን ብርቄ እጄን ትጨብጠዋለች። የእኔና የእሷ ግን አርሴማ ነበረች፤ የሮሙ ንጉሥ ለሚስትነት ቢፈልጋት ከባልንጀሮቿ ጋር ወደ አርማንያ የሸሸችው፣ እዚያም ሌላ ንጉሥ ያስያዛት፣ አንዲት «እሺ» ብትተነፍስ ንግሥት ትሆን የነበረችው፣ እምቢ ብላ አንገቷን የሰጠችው። አባባ እዚያ አያቆሙም። ለአውሬ የተጣለውን የሰማዕታቱን ዐፅም የአርማንያው ጳጳስ ጎርጎርዮስ አንድም ሳያስቀር እንደሰበሰበና እንዳከበረ ሲነግሩን ድምፃቸው ይለሰልሳል።

«የሰማዕት ዐፅም እንደ ሽቶ ነው የሚሸተው» ይሉናል።

«አባባ፣ እርስዎ አሽትተውት ያውቃሉ?» አለቻቸው አንድ ቀን ብርቄ።

«ቆሎሽን ብይ፣ አንቺ ተከራካሪ!» ብለው ሳቁ።

ከመቀመጫቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ችካል፣ ትንሽ የፍየል ቆዳ ከረጢት ተንጠልጥላ ነበር። ውስጧ ያለው አባባ በጎልማሳነታቸው በእግራቸው ስሪንቃ አርሴማ ወርደው፣ የሰማዕቷ ዐፅም አርፎበታል ከሚባለው ቦታ ዘግነው ያመጡት አፈር ነው። እኛ «እምነት» እንለዋለን። የታመመ ሲመጣ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ግንባሩን ይቀቡታል፣ ጥቂቱንም በውኃ በጥብጠው ያጠጡታል። እሳቸው ሳያዙ ማንም ከረጢቷን አይነካም።

አሁን የምጽፈውን ለነፍስ አባቴ እንኳ ለመናገር አፍሬ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ብርቄም ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ ከረጢቷን አወረድኩ። ያንን ሽታ ለማሽተት ብቻ ነበር። አፍንጫዬን ከተትኩ፤ የሸተተኝ ቆዳው ነው። ደግሜ ጠለቅ አድርጌ ስስብ አስነጠሰኝ፣ ከረጢቷም ከእጄ አምልጣ አፏን ዘቅዝቃ ምድጃው ውስጥ ወደቀች። እሳቱ ጠፍቶ ስለነበር አፈሩ ከአመዱ ጋር አንድ ሆነ። ልለየው ሞከርኩ። ሲያቅተኝ አመዱን በእፍኜ እየዘገንኩ ሞላሁና መልሼ ሰቀልኳት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ራሷን ያመማት ጎረቤታችን መጣች። አባባ ጣታቸውን ከረጢቷ ውስጥ ከትተው ቆዩ፤ አውጥተው አሻሹት።

«ይኼ አመድ ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። ወደ ሁለታችን ዞሩ። «ማናችሁ ናችሁ የነካችሁት?»

«እኔ አልነካሁም!» አልኩ፣ ቃላቸውን ሳይጨርሱ።

ብርቄ መሬት መሬት እያየች «ነክቻለሁ፣ አባባ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ብርቄ ከፍላቂት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ልጅ ነበረች፤ አጎቴ አባባ ዘንድ ያስቀመጧት እንድትማርላቸው ነው። በዕድሜ በሁለት ዓመት፣ በትምህርት ደግሞ በብዙ ትበልጠኝ ነበር። ቅዳሜ አጎቴ ለገበያ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። አባባ «ልጅ ናት፣ ተዋት» ብለው ለመኗቸው። «የቅዱስ ነገር የምትደፋ ልጅ አስቀምጬብዎት በምን ዓይኔ አይዎታለሁ?» አሉ አጎቴ። ብርቄ ደብተሮቿን በፌስታል አንጠልጥላ ከኋላቸው ሄደች። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አያት ነበር።

እሷ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረች። እኔ ተማርኩ፤ ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ብርቄ ጥፋቴን አውቃ ስለ እኔ የተቀጣች ይመስለኝ ነበር፤ አባባ ከነገሩን ደናግል እንደ አንዷ። በየለቅሶውና በየሠርጉ ስንገናኝ ዓይኗን ሸሽቼ እቀመጣለሁ።

ዓምና ገብሱ ሲታጨድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍላቂት ወረድኩ፤ የቀረውንም በእግሬ ሄድኩ። ብርቄ ደጃፏ ላይ በሰፌድ ገብስ ትለቅም ነበር።

«ወይ ጉድ፣ መምህርቷ! ጫማሽን ጭቃ እንዳይነካብሽ መጥቼ ልዘልሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አጠገቧ ተቀምጬ፣ አብሬያት እየለቀምኩ፣ ፊቷን ሳላይ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«አመዱንም አንቺ ነሽ የሞላሽው?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ እንደተቀበልሽልኝ…»

«ለአንቺ ብዬ? ምን ቆርጦኝ!» አለች። «እኔ በየጠዋቱ እየቆነጠርኩ እልስ ነበር፣ ትምህርት እንዲገባኝ። አባባ አመድ ነው ሲሉ፣ ሰማዕቷ ተጸይፋኝ አፈሯን አመድ አደረገችብኝ አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ስሪንቃ ወርጄ አላውቅም። ሴቱ ለንግሥ ሲሄድ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። የበኩር ልጄ ታሞ እንኳ ስሟን አልጠራሁም። በምን አፌ?»

ከዚያ ያቺ ቆሎዋን ይዛ አባባ እግር ሥር የምትሸጎጠው ልጅ በምትናገርበት ድምፅ ጠየቀችኝ።

«እንግዲያ አልተቆጣችኝም ነበር?»

«አልተቆጣችሽም፣ እታለም።»

ሰፌዱን ከእጄ ሳበችው። «ተይው፣ እኔው እለቅመዋለሁ።» ይቅርታ ብዬ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አስቆመችኝ። «አባቴ ይኼን እንደያዘ ሞተ። ወንድሞቼ እስከ ዛሬ ሲጣሉኝ ‹አፈር ደፊዋ› ይሉኛል። ለእነሱ ማን ይንገርልኝ? የተማርሽው አንቺ ነሽ። ጻፊው፤ ለእነሱም መጥተሽ አንብቢላቸው።»

ከአባባ ምድጃ ዳር ለእኔ የቀረኝ ምን እንደሆነ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ድሮ የሰማዕታቱን ድፍረት እል ነበር። አሁን ግን አርሴማን ሳስብ ፊቴ ድቅን የሚለው ሰይፉ ሳይሆን፣ ሁሉም ለንግሥ ሲወርድ ባዶ መንደር ጠባቂ ሆና የቀረችው ብርቄ ናት። እሷ ዘንድሮ ስሪንቃ ትወርድ እንደሆነ አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። እኔ ግን ይኸው ጽፌያለሁ፣ ሄጄም ለወንድሞቿ አነበዋለሁ። ብርቄ ቆንጥራ ቀምሳለች፤ ያንን በገዛ አፏ ተናግራለች። ከረጢቷን የደፋሁት እኔ ነኝ።