የግራ ትከሻ

ሰፈራችን ከመኪና መንገድ ሩቅ ነው። በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ነው። ጎረቤቴና እኔ በቁመት ስለምንመጣጠን ከጉርምስናችን ጀምሮ ከፊት የምንገባው አብረን ነበር፤ እሱ በቀኝ ትከሻው፣ እኔ በግራዬ። በሽተኛውን አሳፍረን ስንመለስ አንዳችን ባዶው ቃሬዛ ላይ እንጋደምና ሌሎቹ እየተሳሳቁ ይሸከሙን ነበር። ሽማግሌዎቹ «እናንተ ሟርተኞች፣ ውረዱ!» እያሉ ይቆጡናል። እኛ እቴ! ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ጦርነቱ መጣና አለያየን። ታጣቂዎች ቤት ለቤት ወንድ ሲፈልጉ የገለባ ክምር ውስጥ ተደበቅሁ። መደበቂያዬን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ጠቆመ። ጎትተው አወጡኝና በሰደፍ ቀጠቀጡኝ፤ ግራ ትከሻዬ ከዚያ ወዲህ ትከሻ አልሆነም። ጠብመንጃውን እናቱ ላይ ደግነውበት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ብሰማስ? ገለባ በሸተተኝ ቁጥር ላብ ያሰምጠኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት።

አምና ክረምቱ ሲወጣ የእናቱ ሕመም ጠናና የቅሬው ጠሪ ሰዉን ጠራ። ቅሬ የምንለው እስላም ክርስቲያኑ በአንድነት የሚረዳዳበትን ማኅበራችንን ነው። ለእሱ ብዬ አልሄድኩም። እናቴ ታናሼን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች እያጎረሱ ያከረሙኝ እሳቸው ናቸው።

የቅሬው ዳኛ ረስተው ይሁን ሆን ብለው እንጃ፣ «እናንተ እኩዮች፣ ከፊት ግቡ!» አሉን።

ከድሮው ቦታዬ ገባሁ። እንጨቱ ግራ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ጨለመ፤ ጥርሴን ነከስኩ። አየኝ። «እስቲ አንዴ አሳርፉ» አለና ዞሮ መጥቶ እኔ ቦታ ቆመ። እኔም ወደ እሱ ቦታ ሄጄ በቀኝ ትከሻዬ ገባሁ።

ዳገቱን ወጣነው። ከላያችን እናቱ በደከመ ድምፅ፣ «አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ፣ ልጆቼ» ይላሉ።

መንገድ ዳር ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ አገኘን። እናቱን አሳፍሮ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«አፉ በለኝ፣ ወንድሜ» አለኝ። «እናቴን አስመረጡኝ፤ እሷን መረጥኩ። አንተን ግን አሳልፌ ሰጠሁ። አፉ በለኝ።»

ለዚህ ቀን ሦስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። አፉ እንዳልለው ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ መሬት መሬቱን አየሁ። ትንሽ ጠበቀኝና ገባ። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ተነሳ።

ያን ጊዜ ሞኝነቴ ታየኝ። እሳቸው ባይመለሱስ? እሱስ ይህን ተሸክሞ ይቅበራቸው? ጋቢዬን ጥዬ ሮጥኩ። በደህናው እጄ የመኪናውን ጎን ደበደብኩት።

ሹፌሩ ደንግጦ አቆመ። «ምን ወደቀ?» አለ።

እሱ መስኮቱን ከፈተ። ትንፋሼ እስኪመለስ ሁሉም ጠበቀኝ።

«አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት።

ከውስጥ ቀድመው «አሚን» ያሉት እናቱ ናቸው።