የፊተኛው ኮርቻ

የዓለምዘርፍ መኪና አትነዳም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት የኖረችው በአውቶቡስ፣ በሬድ ላይን ባቡርና በእግሯ ነው። ልጇ ትህትና ገና በጋሪ በምትገፋበት ዘመን አንድ ጊዜ ጌይተርስበርግ ሄዳ ለመንጃ ፈቃድ ተፈትናለች። ፈታኙ መኪናውን በፕላስቲክ ምሰሶዎቹ መካከል አስገብታ እንድታቆም ሲነግራት ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን በሁለት እጇ አቀበለችው፤ ወርዳም ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄደች። መኪናውን በኋላ ሄዶ ያመጣው ባሏ ንጉሡ ነው። ንጉሡ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ይስቃል። እሷም አብራው ትስቃለች፤ ፈተናውን ግን ደግማ አልሞከረችም።

ሳይክል ሌላ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ሳይክል መቼ እንደ ተማረች አታስታውስም። ታናሽ እኅቷን ከኋላ ጭና ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው ዘንቢሉን ይዛ ከገበያ የምትመለሰውም እሷ። አሁን፣ በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ጥቂት ርቆ ባለ አንድ መነጽር ቤት ጓዳ ውስጥ ሌንስ ትሞርዳለች። ሥራዋ የሚሊሜትር ሽራፊ ነው፤ ሌንሱ ትንሽ ከዞረ ባለቤቱ ደረጃ ሲወርድ ይደናቀፋል።

ንጉሡ ያደገው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው፤ በልጅነቱ ሳይክል አልነካም። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ሲነዳ አንድ ግጭት የለበትም። ሐኪሙ ስለ ስኳሩና ስለ ጉልበቱ በተቆጣው ጊዜ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሳይክል ያስተማረችው ሚስቱ ናት፤ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች። ሰውየው ዘጠና አምስት ኪሎ ነው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ንጉሡ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ከሚሸጡበት ጋራዥ ሴል የገዛውን ባለሁለት ኮርቻ ሳይክል ታክሲው ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። ተፈታትቶ ሁለት ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። ኮርቻው ሥር በተንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ የታጠፈ ካርታ ተገኘ፤ ሺኮኩ የሚባል የጃፓን ደሴት ካርታ። አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምሮበታል። መስመሩ ከተራራ መሐል ይነሣና አንድ ወንዝ ተከትሎ፣ ወንዙን አሥራ አንድ ጊዜ ተሻግሮ ባሕር ላይ ያበቃል። የዓለምዘርፍ ካርታውን ሥራ ቦታዋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሌንሱ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው አንድ ቀን በሳይክሉ ሊሄዱበት ያሰቡትን ያንን መስመር ነበር።

ከፊት ማን ይቀመጥ የሚለው ነገር ሳይነሣ አለቀ። ንጉሡ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ።

«ከኋላዬ ሰው አስቀምጬ መንዳት ሥራዬ ነው» አላት። «አንቺ ዘና በይ።»

ከኋላ የሚቀመጥ ሰው መሪም ፍሬንም የለውም፤ ፔዳል ብቻ ይመታል። በፖቶማክ ዳር ባለው የሳይክል መንገድ ስንት ቅዳሜ ወጡ፤ የዓለምዘርፍ ወንዙን በጎን አየችው እንጂ የሚመጣውን መንገድ አላየችም። ጉብታ መኖሩን የምታውቀው ጉብታው ከመታት በኋላ ነው። የንጉሡን ሸሚዝ ስፌት ግን በቃሏ ያዘችው።

ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ከንጉሡ ጋር የታክሲ ተራ የሚጠብቀው ጓደኛው ሊባኖስ ሳይክሉን ያየ ቀን ዞሮ ዞሮ መረመረው።

«የታክሲውን ሜትር የት ነው የገጠምከው?» አለ። «ወይስ እትዬን በነጻ ነው የምትጭናት?»

«በነጻ አይደለም። ፔዳል ትመታለች።»

«ታክሲውን እየገፋ የሚሳፈር ደንበኛ! ጋሼ፣ ታድለሃል።»

የዓለምዘርፍ ሳቀች። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ለንጉሡ ጀርባ ነገረችው። «ጃፓን ስንሄድ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ?»

«ሳይክል እኮ ነው፣ ንጉሡ።»

«እዚያ አገር በግራ ነው የሚነዳው። ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል።»

«ሦስት ዓመት ካርታ ላይ ያየሁትን መንገድ ጀርባህ እንዲጋርደኝ አልሄድም።»

«እንደርስና እናያለን» አለ። በእነሱ ቤት ይህ እምቢታ ነው።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ሺኮኩ ደረሱ። ተራራ መሐል ባለች አንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ሻንጣዎቹን ከፍተው ሳይክሉን ሲገጣጥሙ የዓለምዘርፍ ከደስታዋ የተነሣ አንዱን ብሎን ሁለት ጊዜ ጣለችው፤ ሌንስ ጥላ የማታውቅ ሴት። ንጉሡ ከፊት ወጣ። እሷ «ግራ» ብላ በትልቁ ጽፋ መሪው ላይ በፕላስተር ለጠፈችለትና ከኋላ ተቀመጠች።

አገሩ ውሃ ነበር። ሩዝ ገና ተተክሏል፤ በየማሳው ላይ ተራራው ተገልብጦ ይታያል። እንቁራሪቱ ይጮኻል፣ ሰው ግን የለም። ሰው በሌለበት የማሳ ዳር የመጠጥ መሸጫ ማሽን ብቻውን ቆሞ ያበራል። የዓለምዘርፍ በንጉሡ ትከሻ ግራና ቀኝ አንገቷን እያሰገገች የቻለችውን ያህል አየች። ባዘነበለች ቁጥር ሳይክሉም አብሮ ያዘነብላል።

«አትወዛወዢ» ይላታል።

«ልይ እንጂ።»

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ንጉሡ ወረቀቱን እያየ በግራ ነዳ። ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ሱቅ ውሃ ገዝተው ሲወጡ መንገዱ ባዶ ነበር። ንጉሡ ወጣና ታጠፈ፤ ልክ ከኪንግ ስትሪት እንደሚወጣው፣ በቀኝ። የዓለምዘርፍ ጀርባውን እንጂ ሌላ ስላላየች ምንም አላወቀችም። ያወቀችው ፍሬን ሲጮህ ነው።

አንዲት ትንሽ ነጭ ፒክአፕ ከፊታቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች። በላይዋ የተደረደረው የሩዝ ችግኝ ወደ ፊት ተንሸራቷል። ሾፌሩ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ያጠፉት እሳቸው ይመስል፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ንጉሡም ጎንበስ አለ። እሳቸው የበለጠ ጎነበሱ፤ ንጉሡም የበለጠ። ይህ እስከ መቼ እንደሚቀጥል የዓለምዘርፍ አላወቀችም። በመጨረሻ ሽማግሌው ከጋቢናው ሁለት ትልልቅ ብርቱካን አውጥተው ሰጧቸውና ቀስ ብለው ሄዱ።

ንጉሡ ከመንገዱ ዳር ቦይ አጠገብ ተቀመጠ። ብርቱካኑን በሁለት እጁ ይዞታል፤ አልላጠውም።

«ጭንቅላቴ ያውቀዋል» አለ። «እጄ ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን እጄ በራሱ ይነዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነክቼ አላውቅም፣ ዓለሜ።»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ላይ ይብቃን። አውቶቡስ ፈልገን እንመለስ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለትህትና ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

የዓለምዘርፍ ካርታውን ከፈተች። ገና የመጀመሪያው ድልድይ ላይ እንኳ አልደረሱም። አሥራ አንዱም ከፊታቸው ናቸው።

«የኔ እጅስ ምን ለምዷል?» አለች።

«ማለት?»

«መኪና ነድቼ አላውቅም። ቀኝ ይሁን ግራ፣ እጄ የለመደው መንገድ አለ?»

ንጉሡ አሰበ። «ባሕር ዳርም በቀኝ ነው የሚነዳው።»

«እኔ ባሕር ዳር የነዳሁት ባገኘሁት ቀዳዳ ነው። እሱም ሠላሳ ዓመት አልፎታል።»

ቀስ እያለ የንጉሡ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ጌይተርስበርግ ላይ የወደቅሽው ለዚህ ነዋ።»

«አልወደቅኩም። ጥዬ ነው የሄድኩት። መፍቻውን አምጣ።»

የፊተኛውን ኮርቻ ዝቅ፣ የኋለኛውን ከፍ አደረጉ። የኋላው ቦታ ለንጉሡ ጠበበው፤ ጉልበቱ ወደ ግራና ቀኝ ተከፈተ። የዓለምዘርፍ «ግራ» የሚለውን ወረቀት ከመሪው ላይ ላጠችና ኪሷ ከተተችው። ተነሡ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ሜትሮች እየተንገዳገዱ ሄዱ፤ ሳይክሉ ከብዷታል። ከዚያ አካሏ የቆየ ነገር አስታወሰ፤ ከኋላ ሸክም ሲኖር ወገብን ማጽናት፣ እጅን ማላላት። መንገዱ ተከፈተላት። ማንም አልጋረዳትም።

ጮክ ብላ ሳቀች። ንጉሡ ከኋላ «ምን ሆንሽ?» አለ።

«ጉብታ መጣ። ተዘጋጅ።»

«ከየት በኩል?»

«አሁን ገባህ?»

በማግስቱ ለምሳ ሲቆሙ ትህትና ከፌርፋክስ በቪዲዮ ኮል አደረገች። ስልኩ ላይ የታየቻት እናቷ ገና ሳይክሉ ላይ ከፊት ናት፣ አባቷ ከኋላ።

«ዌይት። ማሚ፣ አንቺ ነሽ የምትነጂው? ዩ ዶንት ድራይቭ።»

«ለዚህ ነው የምነዳው» አለች የዓለምዘርፍ።

«ዳዲ፣ ኧር ዩ ኦኬ?»

«እኔ ተሳፋሪ ነኝ» አለ ንጉሡ። «እሷን ጠይቂ።»

የወንዙ ድልድዮች መከለያ የላቸውም። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው በላያቸው እንዲያልፍ ተብሎ ዝቅ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ስፋታቸው ለአንዲት ትንሽ መኪና ብቻ ነው፣ ግራና ቀኙ አየር። የመጀመሪያው ላይ ሲደርሱ ንጉሡ «ወርደን እንግፋው» አለ።

«አንወርድም። ፔዳልህን ምታ፣ ወደ ጎን አትይ።»

ገቡ። ከሥራቸው ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መሐል ላይ ፔዳሉ ሲከብዳት ተሰማት፤ የሁለቱም ፔዳል በካቴና የተያያዘ ስለሆነ የእሱ እግር የሚሠራው እሷ ጋ ይደርሳል።

«ፍሬን አትያዝ» አለች።

«እኔ ፍሬን የለኝም።»

«በእግርህ እየያዝክ ነው።»

ከዚያ እግሩ ላላ፤ ሳይክሉ ቀለላትና ወጡ። በሁለተኛው ድልድይ ላይ ያዝ አደረገ። በአራተኛው አልያዘም። በሰባተኛው ላይ ከኋላዋ ማፏጨት ጀመረ፤ ከተጋቡ ጀምሮ ንጉሡ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። መሪ ሲይዝ ፊቱ እንደሚኮሳተር ያኔ ነው ልብ ያለችው።

አንድ የመጠጥ ማሽን ጋ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አለ፣ አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚባለው።

«ቀደም ብሎ ነው የሚባለው፤ አለፍነው እኮ» አለች፤ ቢሆንም አቆመችለት።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሰፋ፣ ነፋሱ ጨው ጨው አለ። አሥራ አንደኛውን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወረደ። የዓለምዘርፍ ፍሬኑን ለቀቀችው። ባሕሩን ከእሱ በፊት አየችው፤ በመጀመሪያ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ እየተዘረጋ።

ቀይዋ መስመር ያበቃችበት ቦታ አንድ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ከአጠገቡ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ጊዜውን አስልተውት ነበር፤ አውቶቡሱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይመጣል፣ ሳይክሉንም መፍታት አለባቸው። የዓለምዘርፍ ፍጥነቷን ቀነሰች። መንገዱ ግን ከፌርማታው አልፎ በባሕሩ ዳር ይቀጥላል፤ ካርታው ላይ ማንም አላሰመረበትም።

በአንድ እግሯ መሬት ሳትረግጥ፣ ዞር ሳትል፣ እንደ ሚኒባስ ረዳት ጮኸች።

«ወራጅ አለ?»

ፔዳሉ እግሯ ሥር አልቆመም።

«የለም» አለ ንጉሡ። «ንጂው።»