ሰርቪስ ያስመጣሁ ሰሞን

በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የተመረቅሁበት ጊዜ የለም። ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቡና ማበጠሪያ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ለሠራተኛው ሰርቪስ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። በር ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ጌታ ይባርክሽ" ይለኛል፤ እኔም ተለማመድኩትና አንድ ቀን ካልተባልኩ ቅር ይለኝ ጀመር። አሁን ያንን ምርቃት ሳስበው አፍራለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከማርፈድ ነው። ሥራ የሚገባው አንድ ሰዓት ላይ ቢሆንም ሰው የሚመጣው እንደ መንገዱና እንደ ዝናቡ ነበር። አንዱ ሞተር ላይ ሦስተኛ ሆኖ ተጣብቆ ይመጣል፣ ሌላው አይሱዙ ላይ ከማዳበሪያ ጋር ይጫናል፣ የሚበዛው ግን በእግሩ ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና፣ "ይህን የማርፈድ ነገር አንድ በይልኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሥሩ ትራንስፖርት ከሆነ ትራንስፖርት እንስጣቸው" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም።

ሠራተኛን ለማመላለስ መንገዱ ብዙ ነው። ከደሞዝ ጋር አበል መስጠት ይቻላል። ከሞተረኞች ጋር ውል መያዝ ይቻላል። ለሩቅ ሰው የመግቢያ ሰዓቱን ማሸጋሸግም ይቻላል፤ እንዲያውም እሱ ምንም ወጪ የለውም። ሁሉንም አንድ በአንድ ጽፌ አቅርቤ ነበር። ግን ልቤ ከመጀመሪያውም ሰርቪሱ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ከቴፒ የሚነሣ መኪና በቤቴ በር ላይ ያልፋል። ጭቃ ላይ ቆሜ ሞተረኛ መለመን አንገሽግሾኝ ነበር። ለሠራተኛው ይሻላል ብዬ የጻፍኩት ለእኔ የሚሻለውን ነው።

ማቆሚያዎቹን የወሰንኩት ከሹፌሩ ጋር ቢሮ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። የሠራተኛው ፋይል ላይ "የመኖሪያ ቀበሌ" የሚል መስመር አለ፤ በእሱ ደልድዬ ጨረስኩ። ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀብኝም። ከየት በኩል ትመጣለህ፣ በየት በኩል ትመጫለሽ ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅሁም።

በዝርዝሩ ላይ የአንድ ቀበሌ አምስት ሴቶች ነበሩ። ሥራቸው ከተበጠረው ቡና ውስጥ ጥቁሩንና የተሰበረውን በእጅ መልቀም ነው። ቀበሌያቸው አንድ ስለሆነ አንድ ማቆሚያ ሰጠኋቸው። አራቱ ለአስፋልቱ ስለሚቀርቡ በደስታ አቀፉኝ። የአምስተኛዋ ቤት ግን ከጅረቱ ማዶ፣ ጫካው ውስጥ ነው። ከቤቷ እስከ ማቆሚያው ያለው መንገድ ከቤቷ እስከ ማበጠሪያው ካለው ይረዝማል፤ ያውም ወደ ኋላ ነው። መኪናው በአስፋልቱ ዞሮ ሲመጣ እሷ ጫካውን አቋርጣ ትመጣለች። ይህ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ይህች ሴት ባሏ የሞተባት ናት። ትልቋን ልጇን ቴፒ ቤት ተከራይታላት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ የልጅቷ ትምህርት የቆመው በዚህች ቋሚ ሥራ ላይ ነው። እጇ ፈጣን፣ ዓይኗ የማይስት ነበር። በስንት ዓመት ሥራዋ አርፍዳ አታውቅም። ሰርቪሱ በገባ በሳምንቱ ማርፈድ ጀመረች። ተናደድኩ። መኪና አምጥቼላት ታረፍዳለች?

ቢሮ አስጠራኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ "እትዬ" ማለት ልማዷ ነው። አፏን የፈታችው በሸኮ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋን አጠር አጠር አድርጋ ነው የምትናገረው።

"እትዬ፣ እየጠበቅኩ ነው" አለችኝ።

"ምን ልትጠብቂ? ሰርቪሱ በሰዓቱ ነው የሚያልፈው።"

"ሰርቪስ አይደለም። ሰው ነው።"

"የምን ሰው?"

"አብሮ የሚሄድ።"

ይህን ሰምቼ ቅጹ ላይ "በቂ ምክንያት አላቀረበችም" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ እንዴት እንደሚያምር እስካሁን አስታውሳለሁ።

የቃል ማስጠንቀቂያው አለፈ፣ የጽሑፉ ተከተለ፣ ከዚያ የመጨረሻው። የመጨረሻውን ስሰጣት ቀና ብላ አየችኝና፣ "መኪና አመጣችሁ። ሰው ወሰዳችሁብኝ" አለች። ምስጋና ቢስ አልኳት፤ በሆዴ ነው ግን ብያታለሁ። የስንብቱን ደብዳቤ እኔ አረቀቅሁት፣ ሥራ አስኪያጁ ፈረሙበት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። የሰርቪስ ባጇን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ክሩ ገና አልተፈታም ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ ከአራቱ አንዷ ናት፤ ያውም እዚያው ሰርቪስ ውስጥ፣ ጎኔ ተቀምጣ። ስታለቅስ ሆዷን አሟት መስሎኝ ነበር።

"እኛ ነን የጣልናት" አለችኝ።

ለካ ድሮ አምስቱም በጫካው ነበር የሚመጡት። መንገዱ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ቀድማ የደረሰችው አንዲት የኮረሪማ ቅጠል ትቀነጥስና ሾላው ሥር ድንጋይ ትጭንበታለች፤ ደርሻለሁ፣ እየጠበቅኳችሁ ነው ማለት ነው። አንዷ ልጅ ታሞባት ከዘገየች ሌሎቹ ቅጠሉን ትተውላት ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ እሷም ስታየው ሮጣ ትደርስባቸዋለች። ቅጠሉን አንሥታ የምትጥለው የመጨረሻዋ ናት። ቅጠሉ ተነሣ ማለት ወደ ኋላ የቀረ ሰው የለም ማለት ነው። ከሾላው ወዲህ ያለውን መንገድ ማንም ብቻዋን አታልፈውም። በጉም ሰዓት ጎሽ ይወርድበታል፤ ጎሽ ባይኖርም ሰው አለ። አራቱ መኪና ላይ ሲወጡ እሷ ሾላው ሥር ብቻዋን ቀረች። ተማሪ ወይም ቡና የተሸከመ ገበሬ እስኪያልፍ ትጠብቅና ከኋላው ተከትላ ትመጣለች። ማርፈድ የተባለው ይኸው ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ብዬ ጮህኩባት።

"እርስዎ መቼ ጠየቁን? ደግሞ መኪናው እንዳይቀርብን ፈራን።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን ተለቅሞ የሚያልቅ አልነበረም። በማግስቱ አዲስ ቅጽ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ከቀበሌው ቀጥሎ "በየት በኩል?" የሚል፣ ከእሱ ቀጥሎ "ከማን ጋር?" የሚል መስመር ጨምሬበታለሁ። አዩትና ሳቁ። "ከማን ጋር ደግሞ ምንድነው? የሠርግ ጥሪ አደረግሽው እኮ!" አሉኝ። የሾላውን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት። ሁለት ሰዓት እየገባች እንድትሠራ ፈቅደው የመመለሻ ደብዳቤዋን ፈረሙ። "ሳይደርቅ በእርጥቡ ነበር" አሉ እስክሪብቷቸውን እየከደኑ።

ቅዳሜ የምንሠራው ግማሽ ቀን ነው፤ ከመውጫው ሰዓት ቀደም ብዬ ደብዳቤውን በእጄ ላደርስላት በጫካው መንገድ ገባሁ። ጫማዬ ለከተማ ነው፤ ሁለቴ ወደቅሁ። ሾላውን አገኘሁት። ሥሩ ድንጋይ አለ፣ ድንጋዩን አነሣሁት። ከሥሩ የኮረሪማ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ነበር። ከታች ያሉት በስብሰው አፈር ሆነዋል፣ ከላይ ያሉት ገና ቢጫ ናቸው። ሌሎቹ መኪና ላይ እንደሆኑ እያወቀች፣ በየጠዋቱ ቅጠሏን ማስቀመጥ አልተወችም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ጅረቱ ይሰማል። ቤቷ ከጅረቱ ማዶ ነው፣ ብዙም አይርቅም። ሰዓቴን አየሁ። ሰርቪሱ የሚነሣው ስድስት ተኩል ላይ ነው፤ ካመለጠኝ እስከ ቴፒ ምን ይዤ ልሄድ ነው? ድንጋዩን መልሼ ጫንኩበትና እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ደብዳቤውን ሰኞ ዕለት ለዚያችው ለነገረችኝ ሴት ሰጥቼ ላክሁት። በማግስቱ ሰርቪስ ላይ መልሳ ሰጠችኝ፤ ፖስታው እንደታሸገ ነው።

"ሌላ ቦታ ቡና ለቀማ ይዛለች። 'ለእትዬ ንገሪያት፣ አሁን አብሮ የሚሄድ አግኝቻለሁ' ብላለች።"

"እሰይ! ማንን አገኘች?"

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ልጇን ነዋ። ትምህርቷን ትታ ከቴፒ መጣችላት።"