ዳንቴል የለበሰው ማፍጠኛ

መቱ፣ መሬት ቢሮ ተላላኪ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ስንት ዓመት ፋይል በብብቴ ይዤ ጎሬና መቱ በሚኒባስ ስመላለስ ስለኖርኩ፣ ወረቀት ሲዘገይ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

በኋላ ካርታው ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። የኔትወርክ መስመሩ ቀጭን ነበርና ከጎሬ አንድ ካርታ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንዲህ እያለ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጣና ሁለት ማፍጠኛ መሣሪያ ተከለ፤ አንዱን ጎሬ፣ አንዱን እኛ ጋ።

«መስመሩን አሰፋኸው?» አልኩት።

«የለም ጋሼ፣ መስመሩ ያው ነው። ቡና ከነገለባው ሲጭኑትና ፈልፍለው ሲጭኑት አንድ ነው? ይሄም ፈልፍሎ ነው የሚልከው። አንዴ ያመጣውንም ያስታውሳል፤ በሁለተኛው የተለወጠውን ብቻ ያመጣል።»

ሁለት ቀን ቆየ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ቪዲዮ ሲያይ ካርታው ከኋላ ተሰልፎ እንደሚጠብቅ አየና ካርታው እንዲቀድም አደረገ። ከዚያማ የያዝነው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደርስ ጀመር። ሲሄድ «እንዲተነፍስ ተዉት፤ ምንም አታልብሱት» ብሎ አደራ አለ።

ኃላፊያችን ግን አዲስ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አይሆንለትም። የመጣበትን ላስቲክ መልሶ አጠለቀለት፣ በላዩ ነጭ ዳንቴል ደረበበት። ይህን እንኳ አልፈርድበትም፤ እኛም ቤት ቴሌቪዥኑን እንዲሁ እናለብሳለን። ግን የምርቃቱ ዕለት ጥሬ ሥጋ እዚያው ክፍል ተቆረጠ። እንግዶቹ እየበሉ ጣታቸውን በዳንቴሉ ሲጠርጉ አየሁ።

ወር ሳይሞላ መሣሪያው እየጋለ ራሱን ያጠፋ ጀመር። ካርታው እንደ ድሮው ተጎተተ፤ እንዲያውም መንገድ ላይ ይቆረጥ ገባ። ማንም ዳንቴሉን ገልጦ አላየም። «ኔትወርክ የለም» ማለት ቀላል ነዋ።

አንድ ቀን ከዳሪሙ ወረዳ አንዲት ሴት መጣች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ባሏ ሞቶባት ጎሬ ባለው መሬት የባሏ ወንድም ከሷታል። ከሰዓት መቱ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት፤ ካርታዋ በእጇ ከሌለ መሬቱ መሄዱ ነው።

«እትዬ፣ ኔትወርክ የለም። ነገ ይምጡ» አለቻት በመስኮቱ የምታስተናግደው ልጅ።

«ነገ? ዳኛው ነገን ይጠብቀኛል እንዴ ልጄ?»

ኃላፊው ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ በአጠገቧ አለፈ። «ቀድመሽ አትመጪም ነበር?» ብሎ ለምሳ ወጣ።

አንጀቴ አልቻለም። ገባሁና ዳንቴሉን ገለጥኩት። ከስሩ የተቃጠለ ላስቲክና የከረመ ጮማ ሽታ ፊቴን መታው። ሙቀቱ የጠራቸው በረሮዎች በእጄ ላይ ሮጡ፤ አንዱ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ለባለሙያው ደውዬ ያየሁትን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ያልብሱት ብያለሁ እንዴ! በሉ ያጥፉት፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ያብሩት» አለኝ።

ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩ፤ መስኮት ከፍቼ በፋይል ክዳን አራገብኩለት። ሴትዮዋ ውጭ ደጅ ላይ ቆማ ፀሐይዋን ታያለች። ሲቀዘቅዝ አበራሁት፤ ልጅቷ ካርታውን ጠራችው፤ ትንሽ ቆይቶ መጣ። ታትሞ፣ ማህተም ተመትቶ ሴትዮዋ እጅ ገባ።

ኃላፊው ያን ጊዜ ከምሳ ተመልሶ በሩ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ማን እንደሠራላት በምን ታውቃለች? ከረባት ያሰረውን አየች፤ ዝቅ ብላ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች አመሰገነችው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ ብላ መረቀችው። እሱም እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።

«አሜን እናቴ። ሥራችን ነው።»

እኔ ያወጣሁት ቃል «ቶሎ በይ እህቴ፣ ዳኛው ሳይገባ» ብቻ ነበር። ካርታውን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ በጭቃው ላይ ሮጠች።

እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። የበረሮው ሽታ ወዲያው ለቀቀኝ፤ የሰውየው አሜን ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ይቀፈኛል።