ሳተላይትና የክፍለ ጊዜ ሰሌዳው

ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም «ሳተላይት» ነው። ስታስተምር አንድ ቦታ አትቆምም፤ በወንበሮቹ መሃል ስትዞር፣ ስትዞር አርባው ደቂቃ ያልቃል። እሷ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ስለዚህ የማወራችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም፤ የማፍርበትንም አልዘልም።

ሕዋን ለማስተማር የግድ ሌሊት አያስፈልግም ትላለች። ግቢው መሃል አንድ ዘንግ አስተክላ ተማሪዎቿ በየሳምንቱ የጥላውን ርዝመት እንዲለኩ ታደርጋለች። ካርቶን በመርፌ ትበሳና የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ታሳርፋለች። ሃያ ስድስቱ የሕዋ ክበቧ ልጆች ያቺን የሸሚዝ አዝራር የምታህል ብርሃን ለማየት ይገፋፋሉ። እሷም «በዚህች አዝራር ላይ መሬት ከዳር እስከ ዳር ከመቶ ጊዜ በላይ ትደረደራለች» ስትላቸው ግፊያው ጸጥ ይላል። እኔ ሒሳብ ሳስተምር ጸጥ የሚሉት እንቅልፍ ሲወስዳቸው ነው።

አንድ የሕዋ ጥናት ተቋም በየዓመቱ ለመምህራን የአራት ሳምንት ስልጠና ይሰጣል። ቦታው ተራራ ላይ ያለ የቴሌስኮፕ ጣቢያ ነው። ሠልጥኖ የተመለሰ መምህር በፀሐይ ማጣሪያ የሚሠራ ቴሌስኮፕ ለትምህርት ቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ከተማሪዎቹም ሁለቱ በዕረፍት ጊዜያቸው እዚያው ሄደው ይማራሉ። ሳተላይት የመግቢያ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወስዳ ሦስቴም አልፋለች። የቀራት አንድ ነገር፣ ርእሰ መምህሩ የሚፈርሙበት የፈቃድ ደብዳቤ ነበር። ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው፤ ምክንያቱም ተቋሙ አርባ አምስት ዓመት የሞላውን አይቀበልም፣ እሷ ደግሞ አርባ አራት ሆኗታል።

ያሰራት ነገር ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ የጠመኔ መጋዘን ነበረች። መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ሰማይ ለማየት ወንበር ላይ መውጣት ያስፈልጋል። አንደኛውን ግድግዳ ሙሉ የሸፈነው የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ነው፤ የአርባ አንድ መምህራንና የሠላሳ ሁለት ክፍሎች ድልድል፣ ከካርቶን የተቆረጡ ከሺህ በላይ ካርዶች በስፒል ተሰክተውበታል። ከአስራ አምስት ዓመት በፊት የታመመ ባልደረባ ተክታ ለአንድ ሳምንት ብቻ ገባች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ወረቀቱ የያዘው እሷን ነው።

ኮምፒውተር ለምን አይሠራውም እንዳትሉኝ። አንድ ዓመት ተሞክሯል። ኮምፒውተሩ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን የታሪክ መምህር በቀን አራት ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አስወጣቸው። ሁለት ዓመት የተኳረፉትን የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን ደግሞ በአንድ ቤተ ሙከራ አከታትሎ አስገባቸው፤ ብልቃጡን ማን ሰበረው የሚለው ክርክር ሦስት ወር ፈጀ። ሳተላይት ግን የማን ጉልበት፣ የማን ኩርፊያ፣ የማን ሕፃን በስንት ሰዓት እንደሚጠባ በልቧ ይዛዋለች። ይህን ሁሉ ማወቋ ነው ጉዷን ያፈላው። ስልጠናው የሚውለው ትምህርት በሚጀመርበት ወር ነው፤ ድልድሉ በየቀኑ የሚፈርሰውና የሚሠራው ያኔ ነው።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ተጣልተው ይገላገሉታል። እሳቸው ግን በመጣች ቁጥር ወንበር ስበው አስቀምጠው «አንቺ እኮ የዚህ ቤት ምሰሶ ነሽ» ይሏታል። ምሰሶ የት ይሄዳል? በሦስተኛው ዓመት ግን አልነሣም ብላ ቁጭ አለች። በመጨረሻ ተሸነፉና ይህን ሥራ የሚችል አንድ ሰው እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ካሳየሽኝ እፈርማለሁ አሏት።

ሰኞ ጠዋት መጥታ እኔን ለመነችኝ። እሺ አልኳት፤ ለአፍ ዳገት የለውም። የዚያኑ ዕለት ታናሽ እህቷ መራመድ የማይችሉትን እናታቸውን በእሷ ፋንታ ልታስታምም ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ገባች። የሳተላይት ባልም ተራራው ብርድ ነው ብሎ ወፍራም ጃኬት ገዛላት። ጃኬቱን ትምህርት ቤት ድረስ ለብሳው መጣች፤ በዚያ ሙቀት ላብ በላብ ሆና ስትስቅ አየኋት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ሰኞና ማክሰኞ ካርዶቹ ዐይኔ ላይ ጨፈሩ። ረቡዕ ከሰዓት ግን ድንገት ፍንትው አለልኝ። ሰሌዳውን ሳየው ካርድ ሳይሆን ሰው ይታየኝ ጀመር፤ አንዱን ሳነሣ የትኞቹ ሦስት እንደሚናጉ አወቅኩ። ሒሳብ ነው እኮ፣ ለዚያውም የሚያምር ሒሳብ። ደስ ብሎኝ ልነግራት ዞር ስል በሩ ተንኳኳ።

በዚያች ክፍል በር ይንኳኳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አስራ ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። አንዱ ሰኞ ጠዋቴን ይላል፣ ሌላው ሐሙሴን። ይሄኛው የስፖርት መምህሩ ነበር፤ እሷን ትቶ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «አንተም ገባህበት? እንግዲህ የዓርብ ከሰዓቴን ነገር አደራ» ብሎኝ ወጣ። ለእኔም የተባለው ለአራት ሳምንት ብቻ ነው፤ እሷም የገባችው ለአንድ ሳምንት ነበር። ቀና ብዬ ያቺን መስኮት አየሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ ቀን አልገባኝም ማለት ጀመርኩ። እምቢ አላልኳትም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ያስረዳችኝን እንደገና አስረጂኝ እላለሁ፤ እሷም ሳይሰለቻት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ዓርብ በአራት ሰዓት ርእሰ መምህሩ ሊፈትኑኝ መጡ። የቋንቋ መምህርቷ ወልዳለች እንበል፣ ድልድሉን አስተካክል አሉኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ የታሪክ መምህሩን ካርድ አነሣሁና ሦስተኛ ፎቅ፣ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰካሁት። ሳተላይት ካርዱን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከዚያ ነቅላ ቦታው ላይ መለሰችው። ርእሰ መምህሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው እንግዲህ ምን ላድርግሽ አሏት። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ በስምንት ሰዓት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። እህቷ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ከሌላ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ሄዶ ቴሌስኮፑን አመጣ፤ የእኛ ልጆች በአጥር ቀዳዳ አይተውት መጡ አሉ። እኔ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ደግ ሰው ሆንኩ፤ የፈተና ወረቀቷን አርምላታለሁ፣ ክፍሏን እሸፍንላታለሁ። ሁሉንም አመሰግናለሁ ብላ ትቀበለኛለች፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲጀመር የተማሪዎች ስም ዝርዝር ላቀብላት ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገባሁ። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ቆማለች። ሳትዞር አንድ ካርድ ከፍ አደረገች።

«ሐሙስ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ዘጠነኛ ‹መ› ባዶ ሆነብኝ። ማንን ላስገባ?»

«የታሪኩን መምህር» አልኩ። «ምድር ቤት ነው፤ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይም እዚያው ጎረቤት ክፍል ናቸው።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷ ካርዱን እዚያው ሰካችው።

«አምና፣ ረቡዕ ዕለት ነው የገባህ» አለችኝ። «ሃያ ዓመት አስተምሬ የገባውን ተማሪ ካልገባው አልለይም?»

አሁኑኑ ሄጄ ለርእሰ መምህሩ እነግራለሁ አልኳት፤ እውነቴን ነበር፣ የበሩን እጀታ ይዤዋለሁ። ባለፈው ወር አርባ አምስት ሞልቶኛል፣ አትድከም አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ ያን ቀን ለምን አላጋለጥሽኝም ብዬ ጠየቅኳት።

«ባጋልጥህማ ይፈርሙልኝ ነበር። አንተ ግን ሳትወድ እዚህ ትቀር ነበር፤ እኔ እንደቀረሁት። በራስህ አፍ ‹እችላለሁ› እንድትል ነበር የፈለግኩት። ቀኑ ገና ነበር እኮ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቢሮአቸው በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩህ።»