እትዬ ኳኳ እና ድምፅ ያጡት ክዳኖች

እትዬ ኳኳ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸው ቅርጫት ሠሪ ናቸው፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በተሠራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዘንግ ሲያጥፉ ይውላሉ። አዝመራው በሚሰበሰብበት ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከውስጥ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ኳ፣ ኳ እያለ ይመጣል። «ይህች ሴት ማንኳኳት ከጀመረች ስንት ዘመኗ፤ እስካሁን ግን ‹ግቢ› ያላት የለም» አሉ አንድ ቀን ለጎረቤት። ስሙ ከግቢ ወጥቶ መንደሩን ዞረ። እትዬ ሲሰሙት አልተቆጡም፤ በሥራቸው በመጠራታቸው እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

የሚያንኳኩት የጠርሙስ ክዳን ነበር። ከቤቱ ጀርባ ባለው ጓሮ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያና ቀይ ሥር ያለማሉ። ለቲማቲሙ ድጋፍ የሚሆነው ባለቤታቸው ለቅርጫት አይሆንም ብለው የጣሉት ዘንግ ነው። ካሮቱ በሳጥን ውስጥ በአሸዋ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ሽንኩርቱ ተጎንጉኖ ከጣሪያው ይንጠለጠላል፤ ቲማቲሙና ፍራፍሬው ግን አፈ ሰፊ በሆኑ ጠርሙሶች ታሽጎ ይቀቀላል። የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ ቲማቲም ጠርሙስ አይገባም፤ የዕለቱ ወጥ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ በብረት ድስቱ ውስጥ፣ ከታች አሮጌ ፎጣ ይነጠፋል። ከዚህ ሥርዓት ዝንፍ ማለት የለም፤ ዝንፍ ያለ ሰው ከማድ ቤቱ ይወጣል።

የሁሉም ማሳረጊያ በማግሥቱ ጠዋት የሚደረገው ፈተና ነው። የቀዘቀዙት ጠርሙሶች በጠረጴዛው ላይ ይደረደራሉ፤ እትዬ ማንኪያቸውን ይዘው የእያንዳንዱን ክዳን መሐል መታ ያደርጋሉ። በሚገባ የታሸገ ክዳን መሐሉ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። አየር የቀረበት ክዳን ግን ድፍን ያለ፣ ዱባ እንደመምታት ያለ ድምፅ አለው፤ እርሱ ተከፍቶ፣ አፉ ተወልውሎ እንደገና ይቀቀላል። በጣት ተጭነው የሚፈትኑትን እትዬ ይንቋቸዋል። «የላላውን ክዳን ራሳቸው በአውራ ጣታቸው ያጎደጉዱታል፤ ከዚያ ታሽጓል ብለው ይምላሉ» ይላሉ። በዚህ ላይ ትክክል ነበሩ።

ልጃቸው ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ምራታቸው ከባሏ ይልቅ ከአማቷ ጋር ውላ የምታድር ሴት ናት። ዳንቴል ትሠራለች፤ የጠርሙሶቹን ክዳን የሚሸፍኑት ነጫጭ ክብ ዳንቴሎች የእጇ ሥራ ናቸው። የእትዬ የእጅ አንጓ ከደከመ ወዲህ ክዳን የምታጠብቀው እርሷ ነበረች። አማቷን በዓይኗ እየተከተለች ሁሉንም ነገር ተማረች፤ ማንኪያው ግን አልተሰጣትም።

በዚያ ዓመት እትዬ አንድ ትልቅ ነገር ተናገሩ። የመንደሩ ባለ ወፍጮ ሴት በየዓመቱ ኮክ ታመጣላቸዋለች፤ ግማሹ ታሽጎ ይመለስላታል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። «ዘንድሮ ኮኩ የአንቺ ነው» አሏት ምራታቸውን። «ከመላጡ እስከ ማሸጉ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።» እትዬ ቁጭ ብለው ማየት እንደማይችሉ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ለምራቲቱ ይህ ቃል ቀላል አልነበረም፤ ጠርሙሱ በየቤቱ የሚታወቀው በሠራው እጅ ነውና። የዚያኑ ቀን ለኮኩ ጠርሙሶች አዲስ ዳንቴል ጀመረች።

ከኮኩ በፊት ቲማቲሙ ደረሰ። በማግሥቱ ጠዋት እትዬ የመጀመሪያውን ክዳን መቱ፤ ድፍን አለባቸው። ሁለተኛውም እንዲሁ። እስከ ረድፉ መጨረሻ ድረስ አንድም የሚጮህ አላገኙም።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እንደ ሁልጊዜው አጠበቅሁት፣ እማማ።»

«እንደ ሁልጊዜው ቢሆን እንደ ሁልጊዜው ይጮህ ነበር። በይ ክፈቺው።»

ሁሉም ተከፍቶ እንደገና ተቀቀለ። በማግሥቱም ያው ሆነ። እንደገና ተከፍቶ ተቀቀለ። ሙሉ ሆኖ መቀመጥ የነበረበት ቲማቲም ሟሙቶ ቆዳው ከላይ ተንሳፈፈ። ምራቲቱ ክዳኖቹን ስትከፍት ፍስስ የሚል የአየር ድምፅ ሰምታ ነበር፤ ያልታሸገ ክዳን እንዲህ አይልም። ነገር ግን ማንኪያው በእትዬ እጅ ነበር፤ እርሷም በማንኪያው ላይ ቃል መጨመር ድፍረት መሰላት።

ባለ ወፍጮዋ የዘንድሮው ኮክ መብሰሉን ልትናገር የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ድስቱን አይታ «ምነው እትዬ፣ ዘንድሮ ሾርባ ነው የምታሽጉት?» አለች።

«እጇ ልል ነው» አሉ እትዬ፣ ምራታቸው ከፊታቸው ቆማ። «ክዳን ማጥበቅ አልሆነላትም።»

«እንዲያ ከሆነ ኮኩን ወደ እህቴ ብወስደው አይሻልም? መቼም አይቀየሙኝም።»

«እስከ ነገ አቆዪው፤ እናያለን።»

 ባለ ወፍጮዋ ከሄደች በኋላ ምራቲቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የጀመረችውን ዳንቴል መተርተር ያዘች። ክሩን ቀስ እያለች ወደ ኳሱ ትመልሰው ነበር። ቅርጫት ሠሪው አማቷ ይህን አይተው «በርቺ፣ ወደ ኋላም መሥራት ሙያ ነው» አሏት። አልሳቀችም። እርሳቸውም ቀልዱ እንዳልሠራ ገብቷቸው ዘንጋቸውን አነሡ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅርጫት ሠሪው ጥላቸው ሥር ሳሉ ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ። ልጃቸው ከመንገድ ያመጣው፣ ውኃ ሲፈላ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ነው። አፏጨ፤ ማንም አላነሣውም። «ኧረ ይህን ነገር አንሡት፣ ጆሮዬን በሳው» እያሉ ተነሥተው ወደ ማድ ቤቱ ገቡ። ምራቲቱም በፉጨቱ ከጓሮ ተጠርታ፣ የካሮት ቅርጫት እንደያዘች በሌላው በር ደረሰች። እትዬ ከምድጃው አንድ ክንድ ራቅ ብለው አተር ይፈለፍላሉ። ማንቆርቆሪያው እንፋሎቱን እየተፋ ያፏጫል፤ እርሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።

ቀና ሲሉ ሁለቱን በየበራቸው ቆመው አዩአቸው። «ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? ሥራ አጣችሁ?»

የመስማት ችሎታ ሲሸሽ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይዞ አይሄድም፤ አስቀድሞ የሚርቀው ቀጭኑ ነው። እትዬ የባለቤታቸውን ወፍራም ድምፅ አጥርተው ስለሚሰሙ፣ መልሳቸውም ሁልጊዜ ፈጣን ስለሆነ፣ ቤተሰቡ አልጠረጠረም። እርሳቸውም አላወቁም።

ቅርጫት ሠሪው ምራታቸውን ወደ ውጭ ጠሩ። «ክዳኑ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ደህና ነው፣ አባባ።»

«እኔ ልንገራት?»

«እርስዎ ከነገሯቸው ቀልድ ይመስላቸዋል።»

«አንቺ ከነገርሻት ደግሞ ጥፋቷን በእኔ ጆሮ አላከከች ትላለች።» ጺማቸውን አሹ። «ዝም ብንልስ?»

ይህን በማለታቸው አይመሰገኑም። ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸውን በቀልድ ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው፣ ቀልድ የማያነሣው ሸክም ሲመጣ ለምራታቸው ትተው ወደ ዘንጋቸው ተመለሱ። ምራቲቱ ግን ዝም ማለት እንደማትችል ታውቅ ነበር፤ ዝም ካለች ኮኩም፣ የእጇም ስም ከባለ ወፍጮዋ ጋር በር አልፎ ይሄዳል።

በማግሥቱ ጠዋት ጠርሙሶቹ ተደርድረው እትዬ ማንኪያውን ሲያነሡ ቀረበች። አማቷን የምታሳፍርበት መንገድ ብዙ ነበር፤ በፊታቸው አንዱን በማንኪያ ጫፍ ፈልቅቃ የአየሩን ፍስስ ማለት ልታሰማቸው፣ ወይም ማንቆርቆሪያውን ልትጥድ ትችል ነበር። ይህን ማድረግ መብቷም ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ይምቱ፤ እኔ የሰማሁትን ልናገር። ከተሳሳትሁ ያርሙኝ።»

እትዬ ገርመም አደረጓት። «መማር ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ?» አሉና መቱ።

«ይጮኻል» አለች።

እትዬ ፊታቸው ተቋጠረ፤ ግን ቀጣዩን መቱ።

«ይሄም ይጮኻል።»

«ልታሾፊብኝ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። ይቀጥሉ።»

መቱ፤ ይጮኻል አለች። መቱ፤ ይጮኻል። ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሲደርሱ ምራቲቱ እጇን አነሣች። «ይሄ ድፍን ነው። ይሄኛው አልታሸገም።»

እትዬ ያንን ክዳን እንደገና መቱት፤ ከጎኑ ያለውንም መቱ። ለእርሳቸው ሁለቱ አንድ ነበሩ። ማንኪያውን አስቀመጡና የጠቆመችውን ክዳን በጥፍራቸው ጫፍ ብቻ ነካ አደረጉት፤ ያለ አንዳች ትግል ተነሣ። ከጎኑ ያለውን በሙሉ ጣቶቻቸው ሳቡት። ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሞከሩ፤ ሌላም። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

 ከውጭ ዘንግ ሲቆረጥ ይሰማል፤ እርሱን እትዬም ሰሙት።

«እርሱም ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ፣ በአገጫቸው ወደ ጥላው እየጠቆሙ።

«ያውቃሉ።»

«ያውቅና ነው እንደ ቅርጫት የተቀመጠው።» ፎጣውን አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉት። «ቲማቲሙን በከንቱ አቃጠልሁት በይኛ።»

«ለሾርባ ይሆናል፣ እማማ።»

«አዎ። ያቺ ባለ ወፍጮ ሾርባ ብላዋለች።»

ተነሥተው ማንኪያውን ሰጧት። ምራቲቱ ጨብጣ ያዘችው፤ እትዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ። «እንዲህ አይደለም። አፍነሽ ከያዝሽው የራስሽን እጅ ነው የምትሰሚው። በሁለት ጣት ያዢው፣ ይወዛወዝ።» መታች። «ምን አለ?» «ጮኸ።» «ቀጥዪ።»

ባለ ወፍጮዋ ረፋዱ ላይ መልስ ልትሰማ መጣች። እትዬ ቀድመው እስከ አጥሩ ወጡ፤ ምራታቸው በማድ ቤቱ መስኮት ትሰማለች።

«የልጄ እጅ ልል ነው ብዬሽ ነበር» አሉ። «ውሸት ነው። ክዳኑ ደህና ታሽጎ ነበር፤ ጆሮዬ ነው ያልሰማው። ለሰማው ሰው ሁሉ እንደዚሁ አድርገሽ ንገሪ።»

ባለ ወፍጮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲህ... ዕድሜ ነው፣ እትዬ።»

«ዕድሜ መሆኑን አልጠየቅሁሽም። ኮኩን አምጪው። የምትነጋገሪው ግን ከእርሷ ጋር ነው።»

ኮኩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ምራቲቱ ላጠች፣ ከፈለች፣ አሸገች፤ እትዬም ቁጭ ብለው አዩ ለማለት ያህል ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሥተው የድስቱን ፎጣ አስተካከሉ። በማግሥቱ ጠዋት ኳ፣ ኳ የሚለው ድምፅ ወደ ጥላው ሲመጣ ቅርጫት ሠሪው አዳመጡ፤ አመታቱ ትንሽ የቀለለ ነበር። ከእያንዳንዱ ምት በኋላም የእትዬ ድምፅ ይከተላል።

«ምን አለ?»

«ጮኸ፣ እማማ።»

«ይሄስ?»

«አሁን ደግሞ ሁለት ሆኑብኝ» አሉ ቅርጫት ሠሪው ለብቻቸው። በረንዳው ላይ ክሩ ከኳሱ ወጥቶ ዳንቴሉ እንደገና ተጀምሯል።